ከሦስት ቁጥር አንዱን ብቻ የተናገርኩ ጊዜ

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ያም ሆኖ ማሽን ሲገዛም ሆነ ሲበላሽ ሰው የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ የወረዳውን መሥሪያ ቤቶች እየዞርኩ ቫይረስ አጠፋለሁ፣ ፕሪንተር አስተካክላለሁ። "እሱ ይሆናል ካለ ይሆናል" ይሉ ነበር። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ከሚገባው በላይ ደስ ይለኝ ነበር።

ጊዜው ወጣቶች በማኅበር ተደራጁ የሚባልበት ነው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ የማይጠራበት ሳምንት አልነበረም። አንዱ ቡድን ብሎኬት ያመርታል፣ ሌላው በግ ያደልባል፣ ሌላው የሱፍ ምንጣፍ ይሠራል። ከእነዚህ መሀል አራት ሰዎች ጌም ቤት እንከፍታለን ብለው ተነሡ። ሰብሳቢያቸው ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ዲፕሎማዋን ይዛ ሥራ ስትፈልግ ሁለት ዓመት ያለፋት፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የሰማችውን ነገር ግን የማትረሳ ሴት ናት። ከአባላቱ ውስጥ ሌላው በደንብ የማውቀው የመብራት ሠራተኛው ነው፤ በየቤቱ መስመር እየዘረጋ የሚተዳደር፣ እኩያዬ የሆነ፣ ያሰበውን ፊት ለፊት የሚናገር ሰው። የቀሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ነበሩ፤ ሁለቱም ዝምተኞች።

ቤቱን የሰጧቸው የሰብሳቢዋ አባት ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ደብራቸው ውስጥ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ለድቁና የሚቀርቡትን ተማሪዎች የሚፈትኑ። ከመንገድ ዳር ያለችውን ክፍላቸውን ለጌም ይሰጡ ዘንድ ልጃቸው ስትለምናቸው ወዲያው እሺ አላሉም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩኝና ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ሁለት ሰው ተቀምጦ በስክሪን ላይ ኳስ የሚጫወትበት ነው፣ ከአረቄ ቤት ይሻላል፣ እኔም እየመጣሁ አያለሁ አልኳቸው። እሳቸውም፣ "አንተ ካለህበት ይሁን" አሉኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ነገሩ የልጆቹ ብቻ ሳይሆን የእኔም ሆነ።

ማሽኖቹን እንድገዛላቸው አዲስ አበባ የላኩኝ ብቻዬን ነው። ከዱባይ የሚመጡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የሚሸጥ የኮሌጅ ጓደኛ ነበረኝ፤ ሱቁ ትንሽ ቢሆንም ዕቃው ንጹሕ ነው። ሰብሳቢዋ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝና አንድ ነገር ብቻ አሳሰበችኝ።

"ጨዋታው እንዳይንቀራፈፍ ብቻ ይዩልን፣ መምህር። ሌላው ይቅርብን።"

ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሽን ነበር። በመልክ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት በፕሮሰሰራቸው ነው። ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አሳቢ ክፍል ነው፣ ኮር የሚባለው ደግሞ በውስጡ ያለ አንድ ሠራተኛ ነው ብዬ ነበር ተማሪዎቼን የማስረዳው። አንደኛው ማሽን ሁለት ፈጣን ሠራተኛ አለው፤ ሌላው አራት ሠራተኛ፣ ግን እያንዳንዳቸው ትንሽ ዘገም ያሉ። ጓደኛዬ የትኛው እንደሚበልጥ ለማሳየት የመመዘኛ ፕሮግራም ከፈተ። ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩን ለጥቂት ደቂቃ በከባድ ስሌት ያስጨንቀውና መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ በተለቀ መጠን ማሽኑ ይሻላል ማለት ነው ይባላል።

ባለ ሁለቱን ሦስት ጊዜ ፈተንኩት። ሦስቱም ጊዜ የሰጠው ቁጥር ለመለየት እስኪያስቸግር ድረስ አንድ ዓይነት ነበር። ባለ አራቱን ስፈትነው መጀመሪያ የመጣው ቁጥር እጅግ ትልቅ ሆነ። ሁለተኛ ስሞክር ቀነሰ። ሦስተኛ ስሞክር ደግሞ ከሁለተኛውም ወረደ። ሲወርድም እንኳ ከባለ ሁለቱ ይበልጣል፤ መውረዱ ግን ያው መውረድ ነው። ጓደኛዬ ትከሻውን ሰበቀና፣ የመጀመሪያውን ያዝ፣ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሌላ ሥራ ይዞ ይሆናል አለኝ። እኔም ያዝኩ። ለምን ወረደ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም። ኪሴ ውስጥ በፍላሽ የያዝኩት የእግር ኳስ ጨዋታ ነበር፤ እሱንም ጭኜ አልሞከርኩትም። ማሽኖቹን የሚወስድልኝ ጭነት መኪና ሊሄድብኝ ነው የሚል ሐሳብ ነበረኝ፣ ደግሞም ትልቁ ቁጥር ዓይኔን ሞልቶት ነበር። ለሰብሳቢዋ ደውዬ ባለ አራቱ በጣም ይበልጣል አልኳት። ያየሁትን የመጀመሪያውን ቁጥር ነገርኳት። የሁለተኛውንና የሦስተኛውን አላነሣሁም፤ አራት ባለ አራት ገዝቼ ተመለስኩ።

ጌም ቤቱ የተከፈተው በገበያ ቀን ነው። ነፋስ የሚያነሣው አቧራ እንዳይገባና ስክሪኑ በደንብ እንዲታይ መስኮቱና በሩ ላይ ባና ሰቅለዋል። ባና መንዝ ውስጥ ብርድ የሚከላከሉበት ወፍራም የሱፍ ልብስ ነው፤ ነፋስ አያሳልፍም። አራቱ ማሽኖች ከግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፣ ከጀርባቸው ሌላ ባና ተነጥፏል። ቤቱ ወዲያው ሞላ። በአቅራቢያችን ካለችው ቀየት ለገበያ የመጡ ወጣቶች ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ተራ ይጠብቁ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንዴት እንዳማረ አልረሳውም። ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

ከዚያ ጨዋታው መዝቀጥ ጀመረ። የተቋረጠ ነገር የለም፤ ሥዕሉ አልጠፋም፣ ማሽኑ አልቆመም። ተጫዋቾቹ ግን ጭቃ ውስጥ እንደሚሮጡ ሆኑ። ኳሷ ተመትታ አየር ላይ ትቆይና ቀስ ብላ ትወርዳለች። የተጫነው ቁልፍ ዘግይቶ ይሰማል። አንዱ ቀድሞ የመታው ኳስ ሳይገባለት ሲቀር ማሽኑ ነው አለ። ተሸናፊ የሆነ ሁሉ ማሽኑ ነው ይል ጀመር፤ መጥፎው ነገር ደግሞ እውነታቸውን ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ የመመዘኛ ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ውጭው በውርጭ ነጥቷል፣ ክፍሉ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። አራቱን ማሽኖች አንድ አንድ ጊዜ ፈተንኳቸው። አራቱም ትልቁን ቁጥር ሰጡ። ስክሪኑን ወደ አባላቱ አዙሬ ማሽኖቹ ደህና ናቸው፣ ችግሩ የጨዋታው ቅጂ ነው አልኩ። ሌላ ቅጂ ጫንኩ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ተንቀራፈፈ። በሦስተኛው ቀን ጥፋቱን ሥዕሉን ስክሪን ላይ በሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ላይ ጣልኩ። በአራተኛው ቀን መብራቱ ኃይል አንሶታል አልኩ፤ ይህን ስል የመብራት ሠራተኛው ቀና ብሎ አየኝ። መለኪያውን አመጣና ለካው። መብራቱ ምንም አልሆነም።

"ይሄ ነጋዴ አብሮህ የተማረ ነው አይደል?" አለኝ።

አዎ አልኩት። ሌላ ነገር አልጨመረም። ያልተናገረውን ግን ሁላችንም ሰማነው። ለጓደኛዬ ዕቃ ላራግፍለት ብዬ ልጆቹን እንደሸወድኳቸው ነው ያሰበው። ፕሮግራሙን እንደገና ከፍቼ፣ "ቁጥሩን ራስህ አታየውም?" አልኩት። እሱም ቁጥሩን ሳይሆን እኔን እያየ፣ ሰው የሚጫወተው ኳስ እንጂ ቁጥር አይደለም አለኝ።

ነገሩን ያባሰው ውድድሩ ነበር። ማኅበሩ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ውድድር አዘጋጅቻለሁ ብሎ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ ከቀየትም ከሌሎች ቀበሌዎችም የተመዘገበ አለ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቀኑ ሲቃረብ ቤቱ ውስጥ ያለው ጭቅጭቅ በረታ። ሰዉ ማሽን መምረጥ ጀመረ፤ በር አጠገብ ያለው ይሻላል፣ የጥጉ የተረገመ ነው ይባላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጥጉ ማሽን ደርሶት የተሸነፈ ጎልማሳ ጆይስቲኩን ወርውሮ ተነሣ፤ ያሸነፈው ደግሞ ስድብ ጨመረበት፤ ተያያዙ። እኔና ወንድማማቾቹ መሀል ገብተን ስንገላግል የአንደኛው ከንፈር ደምቷል፣ አንድ ስክሪን ወድቆ ጥጉ ተሰንጥቋል።

ድምፁን ሰምተው መሪጌታ ገቡ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ በር ላይ ቆሙ። የተጣሉትን በስማቸው እየጠሩ አስወጧቸው። ከዚያ ለሁላችንም ሳይሆን ለእኔ፣ ምን ጎደለ ብለው ጠየቁኝ።

ማሽኖቹ ፈተናቸውን አልፈዋል፣ እኔ ራሴ ነኝ የፈተንኳቸው፣ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ግን አልገባኝም አልኳቸው።

"ምን ተጠይቀው ነው ያለፉት?"

ስሌት ነው፣ መሪጌታ፣ ከባድ ስሌት ለጥቂት ደቂቃ አልኩ። ስናገረው ለራሴም ባዶ ሆኖ ተሰማኝ። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡና አንድ ነገር አወጉን። ከብዙ ዓመት በፊት ለድቁና ያሳለፉት ተማሪ ነበር። ዳዊቱን ሲጠይቁት ያለ አንዳች እንቅፋት ደገመው። እሳቸውም በቃህ ብለው አሳለፉት። ልጁ መጀመሪያ ቅዳሴ የገባ ዕለት ግን፣ ሰዓቱ ሲረዝም፣ ጾሙ ሲጠናበት፣ ዜማው ጠፋው።

"ልጁ አልዋሸኝም" አሉ። "እኔ ነኝ የሚያስፈልገውን ሳልጠይቀው የቀረሁት። ስሕተቱን ለልጁ ማሸከም ግን ቀላል ነበር።"

ተነሥተው ሄዱ። የማኅበሩ አባላት ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። ቅዳሜ ቤቱን ዝጉልኝ አልኳቸው፤ ሙሉ ቀን ስጡኝ፣ ሁላችሁም ባላችሁበት እንደ አዲስ እንፈትነዋለን። የመብራት ሠራተኛው እንደማይመጣ ተናግሮ ወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሁሉም ቀድሞ በር ላይ አገኘሁት።

ከቤቴ የራሴን አሮጌ ኮምፒውተር በጋቢ ጠቅልዬ ተሸክሜ ነበር የሄድኩት። የእኔ ባለ ሁለት ኮር ነው፤ ጓደኛዬ ሱቅ ካየሁት ጋር አንድ ዓይነት። ግራፊክስ ካርዱን ከጌም ቤቱ ማሽኖች ከአንዱ ነቅዬ ሰካሁበት፣ ልዩነቱ ፕሮሰሰሩ ብቻ እንዲሆን። አንድ ደብተር ላይ መስመር አሰመርኩና ሰብሳቢዋን እንድትጽፍ ለመንኳት። በሁለቱም ማሽን ላይ ያው ጨዋታ፣ ያው ሁለት ቡድን፣ ያው ስታዲየም። ስክሪኑ ጥግ ላይ በሰከንድ ስንት ሥዕል እንደሚያልፍ የሚቆጥር ትንሽ ፕሮግራም ከፈትኩ። ስልሳ ሲሆን ጨዋታው እንደ ውሃ ይፈሳል። በየአሥር ደቂቃው የምናየውን ብቻ ሳይሆን በመሀል ዝቅ ያለበትንም እንጽፋለን አልኳት፤ ሰውን የሚያበሳጨው መካከለኛው ቁጥር ሳይሆን ዝቅ ያለው ነውና።

ወንድማማቾቹ ተጫወቱ። ባለ አራቱ ላይ መጀመሪያ ስልሳ። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ አሁንም ስልሳ። የመብራት ሠራተኛው ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቁጥሩ መንሸራተት ጀመረ፤ ሃምሳ፣ አርባ፣ ወዲያው ወደ ሠላሳዎቹ ወረደ። የሥዕሉን ጥራት ዝቅ አደረግኩት፤ ግራፊክስ ካርዱ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ምንም ለውጥ የለም። የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። መቃጠል እንዳይመጣበት ራሱን እያዘገየ ነበር። የማሽኑን ጎን በእጄ ነካሁትና እጄን መለስኩ። ውጭ ሰው በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ እዚህ ግን ከጀርባው ባና፣ መስኮቱ ላይ ባና፣ ፋኑም እዚህ ከፍታ ላይ የሚገፋው አየር ስስ ስለሆነ ሙቀቱን በደንብ አያወጣለትም።

ባናዎቹን አወረድን። በሩንም መስኮቱንም ከፈትን። ነፋሱ ገብቶ ሁላችንም ነጠላችንን ተከናነብን። ማሽኑ ተሻለው፤ መውረዱ ቀነሰ፣ አልጠፋም ግን። ያን ጊዜ ኮሮቹ እያንዳንዳቸው ምን እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ገጽ ከፈትኩ። ከአራቱ ሠራተኞች አንዱ እስከ አንገቱ ተጠምዷል፤ ሁለተኛው ትንሽ ያግዘዋል፤ ሁለቱ ቁጭ ብለዋል። ጨዋታው አሮጌ ነው፣ አራት ሠራተኛ እንዴት እንደሚታዘዝ አያውቅም። የመመዘኛው ፕሮግራም ግን አራቱንም ያሠራና የአራቱን ድካም ደምሮ ነበር ያን ትልቅ ቁጥር የሰጠኝ።

ከዚያ የእኔ አሮጌ ማሽን ተራ ደረሰ። መጀመሪያ ባናዎቹን እንደገና ሰቀልን፣ ፈተናው እኩል እንዲሆን። ሰብሳቢዋ በየአሥር ደቂቃው ጻፈች። ስልሳ። ስልሳ። ስልሳ። አንዴ ብቻ ሃምሳ ስምንት። ሰዓቱ ሞላ። መመዘኛው ላይ ከባለ አራቱ እጅግ ያነሰ ቁጥር ያለው ማሽን ነበር።

ሰብሳቢዋ እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች።

"መምህር፣ አዲስ አበባ ሱቁ ውስጥ ስንት ጊዜ ነበር የፈተኑት?"

"ሦስት ጊዜ።"

"ሦስቱም አንድ ነበር?"

ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት ራሴን ጠይቄው አውቃለሁ፤ አንዴ ሳይሆን በየቀኑ። ነጋዴው ነው ያሳሳተኝ ማለት እችል ነበር፣ ግማሽ እውነትም ነበረው።

"አልነበረም" አልኳት። "እየወረደ ነበር። ለምን እንደሚወርድ አልጠየቅኩም። የነገርኩሽ ትልቁን ነው።"

የመብራት ሠራተኛው አጠገቤ አልፎ ወጣ። በሩ ላይ የተሰቀለው ባና ከኋላው ተወዛወዘ። ወንድማማቾቹ መሬት መሬት ያያሉ። ሰብሳቢዋ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን አጠፈችና፣ "እኔ ለእነሱ የነገርኳቸው እርስዎ የነገሩኝን ነው" አለች። "አባቴም ቤቱን የሰጡን በእርስዎ ቃል ነው።" ከዚያ ውድድሩ ዘጠኝ ቀን እንደቀረው፣ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ።

አራቱን ፕሮሰሰሮች ነቀልኳቸው። ሁለቱም ዓይነት በአንድ ማረፊያ ላይ የሚሰካ ስለነበር ማሽኑን ሙሉ መመለስ አያስፈልግም። በጥጥ ለይቼ ጠቀለልኳቸውና በጃኬቴ የውስጥ ኪስ ይዤ ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተነሣሁ። እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መንገዱ ባናወጠን ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር።

ጓደኛዬ ሱቁ ውስጥ ሦስት ደንበኛ ይዞ አገኘሁት። ጉዳዬን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። የሸጥኩልህ የተሻለውን ነው አለ፤ ቁጥሩንም አብረን ነው ያየነው፣ ያኔ እጅህን የጠመዘዘህ አለ እንዴ አለኝ። ትክክል ነበር። እኔም አልተከራከርኩትም። አንድ ማሽን ላይ ከአራቱ አንዱን ሰክተን ጨዋታውን ለአንድ ሰዓት እናጫውተው ብቻ አልኩት። ደንበኞቹ እየሰሙ ነው። አንደኛው የመረጠውን ማሽን መልሶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ጓደኛዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሰው ፊት እንዲህ ታደርገኛለህ?" አለኝ።

"አንተን አይደለም የምፈትነው" አልኩት። "ያኔ ያልጠየቅኩትን ነው የምጠይቀው።"

እምቢ አለ። እኔም በር አጠገብ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ደንበኛ ይገባል፣ እኔን ያያል፣ ይወጣል። መጨረሻ ላይ ምንም ሳይለኝ ጥግ ያለውን ማሽን ፈትቶ አንዱን ፕሮሰሰር ሰካ፣ ጨዋታውን ጫንን፣ እሱ አንድ ቡድን፣ እኔ አንድ ቡድን ሆነን ተቀመጥን። አዲስ አበባ አየሩ እንደ እኛ ስስ አይደለም፣ ሱቁም ክፍት ነው፤ አርባ ደቂቃ ያህል ምንም ሳይሆን ሲቀር ላብ አጠመቀኝ። ይህ ሁሉ ነገር ከባናው ብቻ ከሆነ ምን ብዬ እመለሳለሁ? ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የእሱ አጥቂ ጎል ፊት ሲደርስ ቀስ አለ። ኳሷ አየር ላይ ቆየች። እሱ ጆይስቲኩን ሁለት ጊዜ ተጫነው። ወደ እኔ አልዞረም፤ ግን ጆይስቲኩን አስቀመጠ።

ትክክል ነህ አላለኝም። ባለ አራቱን ለፎቶ ቤት ሥራ የሚፈልገው ሰው ብዙ እንደሆነ ተናግሮ፣ አራቱን ተቀብሎ አራት ባለ ሁለት አወጣልኝ። ከዚያ በላይ መቆየቱ ያሳፍራል፤ እኔ ግን ተቀምጬ አራቱንም አንድ በአንድ በጨዋታው ፈተንኳቸው። ሦስተኛው ተንቀራፈፈ። እንዲቀይርልኝ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ አፍጥጦ አየኝ፤ ከዚያ ቀየረው። ስጨርስ ወደ ሰሜን የሚሄድ መኪና አልቆ ነበር፤ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዤ አደርኩ። ከእሱ ጋር ከዚያ ወዲህ ሰላም እንባባላለን፤ እንደ ድሮው ግን አልሆንንም።

መሐል ሜዳ ስገባ ሰብሳቢዋና የመብራት ሠራተኛው ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። እሱ ከጀርባ በኩል ግድግዳውን በስቶ የአየር መውጫ ሠርቷል፣ ማሽኖቹንም ከግድግዳው አርቆ በእንጨት ላይ አንሥቷቸዋል። ማንም አላዘዘውም። ፕሮሰሰሮቹን ስሰካ መፍቻውን እያቀበለኝ ረዳኝ። በማግሥቱ ሁሉንም ማሽን ሁለት ሁለት ሰዓት አጫወትናቸው፤ ሰብሳቢዋ ያንኑ ደብተር ይዛ ጻፈች። የዚያን ዕለት የመጣውን ሁሉ፣ ዝቅ ያለውንም ጭምር፣ ወረቀት ላይ ገልብጣ በር ላይ ለጠፈችው። ተወዳዳሪዎች እየመጡ ያነቡት ነበር። የጥጉ ማሽን ከሌሎቹ በትንሹ እንደሚያንስ ወረቀቱ ላይ ስለተጻፈ ሁለቱም ተጫዋች እዚያ እኩል ጊዜ እንዲቀመጥ ደንብ አወጡ።

ውድድሩ በሰላም አለፈ ማለት ይከብደኛል። ሁለተኛው ቀን መብራት ሄዶ ግማሽ ቀን ጠበቅን፤ የቀየቶቹ ተበሳጭተው ሊሄዱ ሲሉ ነው የመጣው። ግን ማሽኑ ነው ያለ ሰው አልነበረም። የተሸነፈ ሁሉ እንደተሸነፈ አውቆ ወጣ። መሪጌታ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው ከበሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ አዩ፤ የትኛው ቡድን እንደሚያጠቃ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ ሄዱ።

ለእኔ ግን ነገሩ በዚያ አላለቀም። በከተማው ውስጥ ወሬው ዞሮ ነበር፤ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ማሽን ሲገዛ እኔን ሳይጠይቅ ገዛ። ትምህርት ቤትም ውስጥ አንድ ባልደረባዬ ሰው ባለበት ቀለደብኝ። ደግ ነገር አልተሰማኝም፤ ለወራት ያህል ሰው ሲጠራኝ ስለዚያ ሊያነሣ ነው ብዬ እሰጋ ነበር። ሰብሳቢዋን አንድ ቀን መንገድ ላይ አግኝቼ ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እሷም ይቅርታውን ያኔ ቅዳሜ እንደሰማችው ነገረችኝ። "ያኔ ሌላ ነገር ቢሉኝ ኖሮ አዲስ አበባ ደግሜ ብቻዎን አልልክዎትም ነበር" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ጌም ቤቱን ሁለት ዓመት ያህል ሠሩበት፤ እሷ ሥራ አግኝታ ስትሄድ ወንድማማቾቹ ያዙት።

የመብራት ሠራተኛው ከማኅበሩ የወጣው ቀደም ብሎ ነው። መርሐቤቴ ውስጥ ዓለም ከተማ ሄዶ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብርበት ቤት ከፈተ። ለአንድ ዓመት ሳንደዋወል ቆየን። ከዚያ አንድ ቀን ደወለ። እንዴት ነህ እንኳ ሳይለኝ ለቪዲዮ ሥራ ባለ አራቱ ይሻላል ወይስ ባለ ሁለቱ ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ ሥራ ባለ አራቱ እንደሚሻል አውቅ ነበር፤ የቪዲዮ ፕሮግራሞች አራቱንም ሠራተኛ ያሠራሉ። እንደዚያ አልኩት፤ ቀጥዬም ግን የራስህን ቪዲዮ ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ ረጅም ሰዓት አሠራው፣ በእኔ ቃል ብቻ አትግዛ አልኩት።

"እሺ" አለኝ፤ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀኝ፣ ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ የመርሐቤቴን ሙቀት ገና እንዳልለመደው ነገረኝ። የትኛውን እንደገዛ እስከ ዛሬ አላውቅም።